የስካይሪም ምድር ስንት ኪሎ ሜትር ነው? ከደሴ ጌም ቤት የመጡ ጥያቄዎች

ሥራዬ መሬት መቀየስ ነው። ማታ ማታ ጌም እጫወታለሁ። ደሴ ፒያሳ አካባቢ በምንሰበሰብበት ጌም ቤት ልጆቹ አንድ ክርክር ይዘው ከረሙ። የስካይሪም አገር የእውነት ቢሆን ስፋቱ ስንት ይሆናል? አንዱ ከደሴ ከተማ አይበልጥም ይላል። ሌላው ኢትዮጵያን ያህላል ብሎ ይምላል። ጥያቄያችሁን ጽፋችሁ አምጡ አልኳቸው፣ አመጡልኝ።

ጌሙን ለማያውቅ፦ ስካይሪም እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣ የቪዲዮ ጌም ነው። ዘጠኝ አውራጃ ባለው ቀዝቃዛና ተራራማ አገር ውስጥ እንደልብ እየተዘዋወሩ ይጫወቱታል።

ጋሼ፣ ዝም ብለን ማፑን ብንለካው ስንት ነው?

37 ካሬ ኪሎ ሜትር አካባቢ። ረጅሙ ጎን 7 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ደሴ አጠገብ ያለውን፣ ሐይቅ የምንለውን ውሃ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ እሱ ብቻውን 23 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል። ማፑ ላይ ብንደፋው ከግማሽ በላይ ይሸፍነዋል።

ታዲያ 7 ኪሎ ሜትር ነው ብለን ለምን አንጨርስም?

ጌሙ ራሱ እንደዚያ ስለማይል ነው። ሰዓቱን እዩት። የእኛ 1 ደቂቃ እዚያ 20 ደቂቃ ነው። አንድ ሙሉ ቀንና ሌሊት በ72 ደቂቃ ያልቃል። ከዳር እስከ ዳር በሩጫ ግማሽ ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ይህ በእነሱ ሰዓት 10 ሰዓት ነው ማለት ነው።

7 ኪሎ ሜትር በ10 ሰዓት? እኔ ከኮምቦልቻ ሐረጎን ወጥቼ በእግሬ ደሴ ገብቻለሁ። 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ያውም ዳገት። ስድስት ሰዓት ነው የፈጀብኝ። ስለዚህ የጌሙ መሬት ታጥፏል፣ ማለትም ከእውነተኛ ርቀቱ አሳጥረው ሠርተውታል። ምን ያህል እንደታጠፈ የሚነግረን ደግሞ ሰዓቱ ነው።

ሩጫውን እንዳለ ከወሰድነው 7 ሲባዛ በ20፣ 140 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ግን ጥሩር የለበሰ ሰው 10 ሰዓት ሙሉ አይሮጥም። በሰዓት 5 ኪሎ ሜትር እየተራመደ ነው ካልን 50 ይሆናል። መልሱ በ50 እና በ140 መካከል ነው።

እርስዎ የትኛውን ያምናሉ?

140ውን። ምክንያቴ ገበያ ነው።

የሰኞ ገበያን አስቡ። ገበሬው ጎህ ሳይቀድ አህያውን ጭኖ ይነሳል። አራት ሰዓት ያህል ተጉዞ ይደርሳል፣ ይሸጣል፣ ይገዛል፣ ማታ ቤቱ ይገባል። ይህ 15 ወይም 18 ኪሎ ሜትር ነው። ከዚያ የራቀ ሰው መንገድ ላይ ያድራል። ሞተር በሌለበት አገር ከተማና መንደር የሚራራቁት በዚህ ልክ ነው።

አሁን ጌሙን ክፈቱ። ከሪቨርውድ መንደር ዋይትረን ከተማ በሩጫ ሦስት ደቂቃ ገደማ ነው፤ 900 ሜትር እንበለው። በ20 ስናባዛው 18 ኪሎ ሜትር። ልክ የገበያ መንገድ! በሰባት ብናባዛው ግን (7 ኪሎ ሜትሩን 50 የሚያደርገው እሱ ነው) 6 ኪሎ ሜትር ብቻ ይሆናል። ሪቨርውድ ውስጥ ደግሞ የእንግዳ ማደሪያ አለ። ከከተማ 6 ኪሎ ሜትር ላይ ማን ያድራል? እኔን ያሳመነኝ ያ ማደሪያ ነው።

37ን በ20 አባዝቼ 740 ካሬ ኪሎ ሜትር አገኘሁ። ልክ ነኝ?

አይደለህም፣ ግን አብሽር፣ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ርዝመቱም ወርዱም በ20 ስለሚያድግ ስፋቱ በ400 ነው የሚባዛው። 37 በ400፣ 14,800 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው። የደቡብ ወሎ ዞን 17 ሺህ ገደማ ነው። ስለዚህ ስካይሪም ደቡብ ወሎን ሊያህል ትንሽ የቀረው አገር ነው።

ትልቁ ተራራስ?

በአገሩ ሰዎች ወሬ 7,000 ደረጃ አለው። ደረጃውን ጌሙ ውስጥ የቆጠሩ ሰዎች ያገኙት ግን 750 አካባቢ ነው። ወሬውን እንመን። አንዱ ደረጃ 18 ሴንቲ ሜትር ቢሆን፣ 7,000ው 1,260 ሜትር ያወጣል። ከፍታው የታጠፈው ወደ አስር እጥፍ ነው ማለት ነው፤ ከአግድሙ ያነሰ። ይህ ትክክለኛ ውሳኔ ይመስለኛል። ተራራ እንደ አግድሙ ቢታጠፍ ጉብታ ይሆናል፣ ሰውም ቀና ብሎ አያየውም።

ከጫፉ ላይ አገሩ ሁሉ ይታያል። እውነት ቢሆን ይታይ ነበር?

ይህን ጥያቄ ወድጄዋለሁ። የአድማስ ርቀት ስሌት ቀላል ነው። የቆምክበትን ከፍታ በሜትር ወስደህ ሥኩዌር ሩቱን ታወጣለህ፣ በ3.57 ታባዛዋለህ፣ መልሱ በኪሎ ሜትር ይመጣል። ለ1,260 ሜትር 127 ኪሎ ሜትር ይሰጣል። ተራራው ያለው ወደ መሀል ስለሆነ፣ 140 ኪሎ ሜትር የሚሰፋ አገር አየሩ ከጠራ ዳር እስከ ዳር ይታያል። ሰዓቱ፣ ገበያውና አድማሱ ለየብቻ ተለክተው አልተጣሉም።

የሚጣላው አየሩ ነው። ከፍታ በ1,000 ሜትር ሲጨምር ሙቀቱ በ6.5 ዲግሪ ገደማ ይቀንሳል። ደሴ ላይ ጋቢ ደርበን ወርደን ኮምቦልቻ ላይ የምናወልቀው ለዚህ ነው። ጌሙ ውስጥ ግን ከለመለመ ደን እስከ በረዶ ባሕር የደቂቃዎች ሩጫ ነው። በ20 ብታባዛውም አይበቃም።

ዋይትረን ውስጥ መቶ ሰው እንኳ የለም። ይህ ከተማ ነው?

ሰውም ታጥፏል። በእኔ ግምት ለእንዲህ ያለ ብርዳም አገር በካሬ ኪሎ ሜትር 15 ሰው ይበቃዋል። ይህ 220 ሺህ ሰው ገደማ ነው። በበሬ በሚያርስ አገር ከአስሩ ሰው ዘጠኙ ገበሬ ነው ብንል፣ ለከተሞቹ 22 ሺህ ይቀራል። ለዘጠኝ ሲካፈል ለእያንዳንዱ 2,400 ያህል ይደርሰዋል።

ሳይታጠፍ የተሠራ ጌም የለም?

አለ። እ.ኤ.አ. በ1996 የወጣው ዳገርፎል 160 ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከአማራ ክልል ጋር የሚቀራረብ። ግን አብዛኛውን ኮምፒውተር ስለፈጠረው መንደሩ ሁሉ ይመሳሰላል። ማይንክራፍት ደግሞ በየጎኑ 60 ሚሊዮን ሜትር ነው፣ የምድርን ገጽ ሰባት እጥፍ ያህላል።

ወሎን ጌም ልሠራት አስቤያለሁ። በ20 ልጠፋት?

መንገዱን እጠፈው። ከደሴ ወልዲያ 120 ኪሎ ሜትር ነው፣ 6 ይሆንልሃል። ከኮምቦልቻ ደሴ አንድ ኪሎ ሜትር ከሩብ። የመቅደላንና የግሸንን አምባ ቁመት ግን ቢበዛ በአስር ብቻ ቀንሰው። ሐይቅ ላይ ደግሞ ተጠንቀቅ። በ20 ካጠፍከው 240 ሜትር በ240 ሜትር ኩሬ ይሆናል። የሰውና የቤት ቁመት አይታጠፍም፣ ስለዚህ የእስጢፋኖስ ገዳም ኩሬ ዳር ቆሞ ይቀርብሃል። ውሃውን በአምስት ብቻ እጠፈው። አንድ ካሬ ኪሎ ሜትር ሊሞላ ትንሽ ይቀረዋል፣ ታንኳም ይንሳፈፍበታል። የመጀመሪያውን ማፕ ስትጨርስ ይዘህልኝ ና፣ አብረን እንለካዋለን።