ላብራቶሪ ለምትገቡ የወሎ ልጆች

ልጆቼ፣ ያደግሁት ቆቦ ነው። ማሽላው ከፍ ከፍ ሲል በመሃሉ ሐምራዊ አበባ ብቅ ይላል። ሲያዩት ያምራል። እናቴ ግን እሱን ባየች ቀን እህል አይቀምሳትም ነበር። አቀንጭራ ነው፤ የማሽላን ሥር እየመጠጠ የሚኖር ጥገኛ አረም። አበባው በታየ ጊዜ ከታች ሥሩ የማሽላውን ሥር ከያዘ ቆይቷል፤ ቢነቅሉትም ጉዳቱ ቀድሞ ደርሷል። አንዷ ተክል በአስር ሺዎች የሚቆጠር ዘር ትረጫለች። ዘሩ እንደ አቧራ የደቀቀ ነው፤ አፈር ውስጥ ከ10 ዓመት በላይ ይተኛል።

የሚቀሰቅሰው ማሽላው ራሱ ነው። ፎስፈረስ ባነሰው መሬት ላይ የማሽላ ሥር ጠቃሚ ፈንገሶችን ለመጥራት ስትሪጎላክቶን የሚባል ንጥረ ነገር ያወጣል። ጥሪውን አቀንጭራም ይሰማል። የሚሰማበት ጆሮ ተቀባይ ፕሮቲን ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 ከነዚህ ተቀባዮች አንዱ፣ ኤስኤችኤችቲኤል7 የተባለው፣ ለጥሪው እጅግ ስሱ መሆኑ ታወቀ።

ይህን ፕሮቲን ከዚያ አቧራ ከሚያህል ዘር ለቅሞ ማጥናት አይሞከርም። ስለዚህ የፕሮቲኑን መመሪያ የያዘውን ጂን ኢ. ኮላይ የሚባል ባክቴሪያ ውስጥ እናስገባለን፣ ባክቴሪያው ያመርትልናል፣ ፕሮቲኑን ይዞ በሚያስቀር የኒኬል ማጣሪያ (ኮለም) እናጣራዋለን። ሪኮምቢናንት የምንለው እሱን ነው።

አሁን የሚቆጨኝን ልንገራችሁ። ወጣት ሳለሁ እንዲህ ያለ የተክል ተቀባይ ፕሮቲን አጣርቼ ፍሪዘር ውስጥ አስቀመጥኩ። መብራት ጠፋ፣ ቀለጠ፣ መልሶ በረዶ ሆነ። ፕሮቲኖችን በትልቀታቸው በሚለየው ጄል ላይ ሳየው መስመሩ ልክ ቦታው ላይ ቁጭ ብሏል። ደስ አለኝና ቀጠልኩ። ሦስት ወር ሙሉ የሞከርኩት ንጥረ ነገር ሁሉ ከፕሮቲኑ ጋር አልያያዝ አለኝ። «ንጥረ ነገሮቹ አይሠሩም» ብዬ ጻፍኩ። የማይሠራው ግን ፕሮቲኑ ነበር።

ለምን አላየሁትም? ጄሉ ላይ ከመጫናችን በፊት ፕሮቲኑን በሳሙና መሰል ኬሚካል እንቀቅለዋለን፤ ቅርጹ ይፈታል። ጄሉ የሚነግራችሁ መጠኑንና ንጽሕናውን ነው። ትክክለኛ ቅርጹን ይዞ የታጠፈውም የተበላሸውም እዚያ ላይ አንድ ናቸው። ሥራውን የሚሠራው ደግሞ ቅርጹ ነው።

ስለዚህ በመጀመሪያው ቀን ሥራውን ፈትኑት። ለነዚህ ተቀባዮች ሲሰብሩት አረንጓዴ ብርሃን የሚሰጥ ንጥረ ነገር አለ፤ ተጠቀሙበት። ከጎኑ በ95 ዲግሪ የተቀቀለ ፕሮቲን አስቀምጡ። ሁለቱ እኩል ካበሩ ብርሃኑ ከፕሮቲናችሁ አልመጣም። ባክቴሪያውን 37 ዲግሪ ላይ አታጣድፉት፤ ወደ 18 ስታወርዱት ቀስ ብሎ ያመርታል፣ ብዙ ጊዜም በደንብ ይታጠፋል። ፕሮቲኑ የተገዛ ዱቄት ከሆነ ከመክፈታችሁ በፊት ቲዩቡን በሴንትሪፊውጅ አሽከርክሩት፣ ክዳኑ ላይ እንዳይቀር። ለአንድ ጊዜ የሚበቃውን እየከፋፈላችሁ አስቀምጡ። ደጋግሞ ማቅለጥና ማቀዝቀዝ ይገድለዋል። ቀኑን ጻፉበት፣ መብራት የጠፋበትንም ጭምር!

እነ ኢትዮጵያዊው የማሽላ ተመራማሪ ፕሮፌሰር ገቢሳ ኤጄታ ሥሩ ለአቀንጭራ ደካማ ጥሪ የሚያሰማ ማሽላ አዳቅለው፣ ጎቢዬና አብሽር የሚባሉት ዝርያዎች ለገበሬው ደርሰዋል። ጎቢዬ የራያ ቆቦ ከተማ ናት። አብሽር ደግሞ የእኛ ሰው ለደከመው ሁሉ የሚላት ቃል ናት። እናቴ ይህን ብታይ እላለሁ።

ሥራችሁን ልታሳዩኝ ስትመጡ የጄሉን ፎቶ ብቻ ይዛችሁ አትምጡ። የተቀቀለውንና ያልተቀቀለውን ጎን ለጎን አሳዩኝ።