የሳይንስ ልብወለድ ጥሩር አሠራርና ልክ አወጣጥ፦ ጥያቄና መልስ

ከፎም፣ ከፕላስቲክና ከስሪዲ ፕሪንት ስለሚሠሩ የጥሩር (ገላን የሚሸፍን የጦረኛ ልብስ) አልባሳት የቀረቡ ጥያቄዎች ከነመልሳቸው እነሆ። ተቀራራቢዎቹን አንድ ላይ አድርጌያቸዋለሁ። ብዙ ሰው ስለ ቀለም ጠይቋል፤ እኔ ግን ሰፊውን ቦታ ለልክ ሰጥቻለሁ። ቀለም በማንኛውም ቀን ይታደሳል፤ ልኩ የተሳሳተ ጥሩር ግን ለብሰውት መቀመጥ እንኳ አይቻልም።

ጥያቄ፦ ፎም ቆርጬም ሆነ ፕላስቲክ አጣብቄ አላውቅም። ከየትኛው ልጀምር፣ ከፎም፣ ከኤቢኤስ ፕላስቲክ ወይስ ከስሪዲ ፕሪንት?

መልስ፦ ከፎም ጀምር። ኢቫ ፎም በካተር ይቆረጣል፣ በሙቀት ይታጠፋል፤ ቢበላሽብህም ያንኑ ክፍል ብቻ ደግመህ ትቆርጣለህ። ሦስት ውፍረት ይበቃሃል፦ ለደረት፣ ለጀርባና ለትከሻ 10 ሚሊሜትር፤ ለክንድ፣ ለጭንና ለቅልጥም 5 ወይም 6፤ ለጌጥ 2። ወለል ላይ ከሚነጠፈው ይልቅ ጥቅጥቅ ያለውን ምረጥ፤ የሳሳው በብርጭቆ ወረቀት ሲፈተግ ይቦጫጨቃል፣ ጠርዙም አይሰላም።

ኤቢኤስ እንደ ሴራሚክ ለሚያብረቀርቅ ነጭ ጥሩር አቻ የለውም። በቫኪዩም (አየር በመምጠጥ) የተቀረጹት ክፍሎች አብዛኛውን ጊዜ ከ1.5 እስከ 2 ሚሊሜትር ውፍረት አላቸው፤ በትርፍ የተቆረጠውን መመለስ ግን አድካሚ ነው። ፕሪንት ለራስ ቁርና ውስብስብ ቅርጽ ላላቸው ክፍሎች ጥሩ ነው፤ ከማተሙ በላይ የሚያደክመው ማለስለሱ ነው። የራስ ቁሩን አትሞ ገላውን በፎም መሥራት ለጀማሪ የምመክረው ጥምረት ነው።

ጥያቄ፦ ለማስቲሽና ለፎም አቧራ ተራ ማስክ አይበቃም?

መልስ፦ አይበቃም። ተራ ማስክ የማስቲሽን ትነት አያስቀርም። ለማስቲሽ፣ ለስፕሬይና ለአሴቶን የኦርጋኒክ ትነት ማጣሪያ ያለው ባለ ካርትሪጅ ማስክ፣ ለአቧራ ደግሞ የብናኝ ማጣሪያ ያስፈልጋል፤ ሁለቱን ያጣመረ ካርትሪጅም አለ። መስኮት መክፈት ከማስክ ጋር ነው እንጂ በማስክ ፋንታ አይደለም። ሂት ጋን (ሙቅ አየር የሚነፋ መሣሪያ) እና የተከፈተ ማስቲሽ አንድ ጠረጴዛ ላይ መቀመጥ የለባቸውም፤ ትነቱ ይቀጣጠላል።

ጥያቄ፦ ፓተርኑን (የመቁረጫ ንድፉን) ከኢንተርኔት አውርጄ ሠራሁት፤ ክንዱ ጠበበኝ፣ ደረቱ ደግሞ ሰፋኝ። ልኩን ከራሴ ገላ እንዴት ላውጣ?

መልስ፦ የወረደ ፓተርን የሌላ ሰው ገላ ነው። አንዱ ጠቦ ሌላው ሲሰፋ ሁሉንም በአንድ መቶኛ ማሳደግ አይፈታውም፤ ክፍሎቹ ለየብቻ መለካት አለባቸው።

መጀመሪያ ከጥሩሩ ሥር የምትለብሺውን ጠባብ የውስጥ ልብስ ልበሺ። ክንድሽን ምግብ በሚሸፈንበት ስስ ፕላስቲክ ጠቅልለሽ በላዩ ላይ ፕላስተር ደራርቢበት፤ ጥብቅ አይሁን፣ ደም ይዘዋወር። የክፍሎቹን መስመር በማርከር ሣይና መስመሮቹን የሚያቋርጡ አጫጭር ምልክቶች በየ5 ሴንቲሜትሩ አድርጊ፤ ኋላ ሁለቱ ጠርዞች ሳይንሸራተቱ የሚገጥሙት በእነሱ ነው። ጫፉ ድፍን በሆነ መቀስ ሌላ ሰው ይቅደድልሽ። የወጣው ቁራጭ ጠረጴዛ ላይ አልተኛ ካለ፣ የተነፋበትን ቦታ ሰንጥቀሽ አስተኚው፤ ያው ስንጥቅ በፎሙም ላይ ይቆረጣል።

ቀጥሎ ብዙ ሰው የሚዘለው ሂሳብ ይመጣል። በገላሽና በጥሩሩ መካከል ዙሪያውን 10 ሚሊሜትር ክፍተት ከፈለግሽ በዙሪያው ልክ ላይ 63 ሚሊሜትር ይጨመራል (2 × 3.14 × 10)። ፎሙ ራሱ 5 ሚሊሜትር ውፍረት ካለው፣ ሲጠቀለል ውስጡ ስለሚጨመቅ ሌላ 16 ሚሊሜትር ያስፈልገዋል (3.14 × 5)። ስለዚህ 300 ሚሊሜትር ዙሪያ ላለው ክንድ የሚቆረጠው ፎም 379 ሚሊሜትር ነው። ያንቺ ክንድ የጠበበው በዚህ ምክንያት ይመስለኛል።

ሌላም አለ፦ የታችኛው ክንድ ጥሩር በእጅ አንጓ በኩል መጥበብ አለበት፣ እጅሽ ግን በዚያው ቀዳዳ ማለፍ አለበት። አውራ ጣትሽን ወደ ውስጥ አጥፈሽ የእጅሽን ሰፊ ዙሪያ ለኪ። ቀዳዳው ከዚያ ካነሰ በውስጥ በኩል ሰንጥቀሽ በላስቲክ ወይም በቬልክሮ ዝጊው።

ጥያቄ፦ ለፕሪንት የራስ ቁርም ይኸው ነው?

መልስ፦ ለራስ ቁር የውስጥ ስፋቱ ነው የሚለካው። ከጆሮ ጆሮ ያለውን ስፋት ለካና በየጎኑ ለስፖንጅ 15 ሚሊሜትር ጨምር፤ ያንን በሞዴሉ የውስጥ ስፋት አካፍለህ በ100 ስታባዛ የምታሳድግበትን መቶኛ ታገኛለህ። ከአፍንጫ ጫፍ እስከ ማጅራት ያለው ርዝመት በአንገቱ ቀዳዳ ማለፉንም አረጋግጥ። ሙሉውን ከማተምህ በፊት ሞዴሉን በግንባር ከፍታ ቆርጠህ 5 ሚሊሜትር ቁመት ያለው ቀለበት ብቻ አትም፤ ቀናት የሚፈጀውን ሥራ ከጥፋት የሚያድነው ይህ ቀለበት ነው።

ጥያቄ፦ ማስቲሽ ቀብቼ ወዲያው አጣብቃለሁ፣ በማግስቱ ጠርዙ ተከፍቶ አገኘዋለሁ።

መልስ፦ ችግሩ «ወዲያው» የሚለው ላይ ነው። ማስቲሽ በሁለቱም ገጽ ስስ ተደርጎ ይቀባና በጣት ሲነካ ክር መሳብ እስኪተው፣ እንደ አየሩ ከ5 እስከ 15 ደቂቃ ይጠበቃል። እርጥቡ ከተገጠመ ማሟሟቱ መሐል ታፍኖ ይቀራል፣ መገጣጠሚያውም ሳይጠነክር ይቆያል። የተቆረጠ ጠርዝ ቀዳዳ ስለሚበዛበት የመጀመሪያውን ቅብ ይመጠዋል፤ ሁለተኛ ቅብ ስጠው። አንዴ ከተነካካ አይንሸራተትም፣ ስለዚህ ከጫፍ ጀምረህ በምልክቶቹ እየተመራህ ዝጋው።

ጠርዙ ራሱ ቀጥ ብሎ ካልተቆረጠ ማስቲሹ ምንም አያደርግም። ካተሩን ቀጥ አድርገህ ያዝ፣ 10 ሚሊሜትሩን በሁለት ወይም በሦስት ዙር ቁረጥ፣ ምላጩ መጎተት ሲጀምር ወዲያው ቀይረው።

ጥያቄ፦ የፎሙ ቀለም ክርኔና ወገቤ ላይ ተሰነጣጠቀ።

መልስ፦ ደረቅ ቀለም በሚለጠጥ ነገር ላይ ከተቀባ ይሰነጠቃል። መጀመሪያ ሂት ጋኑን ሳታቆሚ እያንቀሳቀስሽ ፎሙ ወዛ እስኪል አሙቂው፤ ቀዳዳዎቹ ይዘጋሉ። ከዚያ ላስቲክነት ያለው ማሸጊያ፣ ፕላስቲ ዲፕ ወይም ለፎም የተሠራ ፈሳሽ፣ ከ3 እስከ 5 ስስ ቅብ አድርጊ፤ እያንዳንዱ ሙሉ በሙሉ ይድረቅ። በላዩ አክሪሊክ ይሄዳል። አሁን የተሰነጠቀውን በላዩ ላይ መቀባት ስንጥቁን አይደብቀውም፤ እስከ ማሸጊያው ድረስ ፈትገሽ እንደገና ጀምሪ።

ጥያቄ፦ የኤቢኤስ ክፍሎች ደርሰውኛል። ግማሽ ግማሹን ደራርቤ ላጣብቀው ወይስ ጠርዝ ለጠርዝ?

መልስ፦ ጠርዝ ለጠርዝ። መደራረቡ ፈጣን ነው፣ ግን መገጣጠሚያው ይጎብጣል፣ ልክ ማስተካከያ ቦታም አያስቀርልህም።

ምንም ሳታጣብቅ ሁለቱን ግማሾች በወረቀት ፕላስተር አስረህ ልበሳቸው። ትርፉን ከሁለቱም ወገን እኩል ቀንስ፤ ከአንድ ወገን ብቻ ከቆረጥክ ቅርጹ ይጣመማል። መገጣጠሚያው ከውስጥና ከውጭ በቁራጭ ፕላስቲክ ይሸፈናል፦ ለክንድ 15 ሚሊሜትር ስፋት ያለው መሸፈኛ ቁራጭ፣ ለእግር ፊት 20፣ ለእግር ኋላ ከ20 እስከ 25 ይሆናል። ለ15ቱ በእያንዳንዱ ግማሽ ላይ 7.5 ሚሊሜትር ጠፍጣፋ ጠርዝ ይቀራል ማለት ነው። ቀጥታውን መስመር በካተር ጭረህ ወደ ኋላ ስታጥፈው ተሰብሮ ይለያል፤ ኩርባውን በጎባጣ የፕላስቲክ መቀስ ቁረጠው።

መጀመሪያ የውስጡ ቁራጭ ይጣበቃል፣ ከደረቀ በኋላ የውጩ። ገጾቹን በ120 ብርጭቆ ወረቀት ጫርና በአልኮል ጥረግ፤ አሴቶን እንዳትነካ፣ ኤቢኤስን ያሟሟል። ማጣበቂያው እንደ ኢ6000 ያለ ሲደርቅ የሚለጠጥ ይሁን፤ 24 ሰዓት በማግኔትና በፕላስተር ታስሮ ይቆያል፣ ሙሉ ጥንካሬ የሚያገኘው እስከ 72 ሰዓት ባለው ጊዜ ነው። ትዕግሥት ይፈልጋል፣ ግን ስሕተት ካለ ተላጦ ይነሳል። ሱፐር ግሉ በሰከንድ ይይዛል፣ ስትደናቀፍም በሰከንድ ይሰነጠቃል።

ጥያቄ፦ ምንም ሳልቆርጥ እንኳ የጭኑ ክፍል አልዘጋ አለኝ። ወፍራም ነኝ፣ ልተወው?

መልስ፦ በፍጹም አትተወው። ከትርፍራፊው ክፍተቱን የሚሞላ ቁራጭ ቆርጠህ በኋላ በኩል ጨምርና ከውስጥ በሰፊ ቁራጭ ደግፈው። ስፌቱን ለመሙላት የዚያኑ ፕላስቲክ ፍቅፋቂ በአሴቶን አሟሙተህ ወፈር ያለ ሊጥ አድርገው፤ ከራሱ ስለተሠራ ቀለሙ ይመሳሰላል። ሲደርቅ ስለሚሸሽ በስሱ ደጋግመህ ሙላው፤ ወፍራም ቅብ ሥሩን ፕላስቲክ ያለሰልስና ያጎብጠዋል። ከዚያ በ220፣ በ400፣ በ1000 እየፈተግክ ወልውለው። በትክክል የተሠራ ጭማሪን በዓይን መለየት ይከብዳል።

ጥያቄ፦ ቆሜ ያምራል። ስቀመጥ ደረቱ አገጬን ይመታኛል፣ ስራመድ ጭኑ ይወርዳል፣ እጄን ሳነሳ ሁሉም ነገር አብሮ ይነሳል።

መልስ፦ ሦስቱም የአሰቃቀል ጉዳይ ናቸው። ክብደቱ በሙሉ በሁለት ቦታ ይረፍ፦ በትከሻና በወገብ። ደረትና ጀርባ በትከሻ ላይ በ50 ሚሊሜትር የናይለን ማሰሪያ ይያያዛሉ፤ ሆድ ከደረት ይንጠለጠላል። የትከሻው ክፍል ከደረቱ ማሰሪያ፣ የላይኛው ክንድ ከትከሻው፣ የታችኛው ከላይኛው በ25 ሚሊሜትር ላስቲክ ይንጠለጠላሉ። ጭኑ የሚወርደው በጥብቀት እንዲቆም ስለተጠበቀ ነው፤ ከውስጥ ቀበቶ ላይ በሁለት ማሰሪያ ስቀለው። ቅልጥሙ ጫማው ላይ ይረፍ።

ደረቱ አገጭ የሚመታው የሆዱ ክፍል ከጭን እጥፋት በታች ስለሚወርድ ነው፤ ስትቀመጥ ጭንህ ወደ ላይ ይገፋዋል። ደረትና ሆድ አንድ ወጥ ከሆኑ ለያያቸውና ሆዱ ደረቱ ውስጥ 3 ሴንቲሜትር ያህል እንዲንሸራተት አድርገው። የቅልጥሙ ኋላ ከጉልበት እጥፋት ሦስት ጣት ዝቅ ይበል።

መገጣጠሚያ ነጥቦቹን እንዲህ ሥራ፦ 5 ሴንቲሜትር የናይለን ቁራጭ ላይ በብየዳ ብረት ቀዳዳ አቅልጥ (በመቀስ ከተቀደደ ይተረተራል)፣ ተጭኖ የሚዘጋ ቁልፍ ምታበት፣ ቁራጩን ፕላስቲኩ ላይ አጣብቅ። ራሱ የሚለጠፍ ቬልክሮ በላብና በሙቀት ይለቃል፤ ፎም ላይ በማስቲሽ አጣብቀው።

ከቀለም በፊት ሙሉውን ልበስና ክንድ አንሳ፣ ተቃራኒ ትከሻህን ንካ፣ ተቀመጥ፣ ተንበርከክ፣ ደረጃ ውጣ። የቆነጠጠህን ቦታ በፕላስተር ምልክት አድርግና በአንድ ጊዜ ከ3 እስከ 5 ሚሊሜትር ብቻ ቀንስ።

ጥያቄ፦ የራስ ቁሩ መስታወት በጉም ይሸፈናል።

መልስ፦ እርጥብ ትንፋሽ ቀዝቃዛ ገጽ ሲነካ ጠል ይሆናል። ሁለት 5 ቮልት፣ 30 ወይም 40 ሚሊሜትር ፋን ግጠሚ፤ አንዱ ከአገጭ በኩል ንጹሕ አየር ወደ መስታወቱ ይንፋ፣ ሌላው ከኋላ ያውጣ። መውጫ ቀዳዳ ከሌለ ፋኑ ያንኑ እርጥበት ያሽከረክራል። እያንዳንዱ 1 ዋት ያህል ከወሰደ፣ 10,000 ሚሊአምፐር ሰዓት ያለው ፓወር ባንክ ሁለቱን ከ12 ሰዓት በላይ ያንቀሳቅሳል። ዓይንሽ ከውጭ እንዳይታይ የቁሩን ውስጥ ጥቁር ድብዝዝ ቀቢው፤ መስታወቱን ከሚገባው በላይ ማጥቆር ደረጃ ላይ ያደናቅፋል።

ጥያቄ፦ ባለ 9 ቮልት ባትሪ ላይ ሰማያዊ ኤልኢዲ ሰካሁ፣ ወዲያው ተቃጠለ።

መልስ፦ ሬዚስተር (የኤሌክትሪክ ፍሰትን የሚገታ ዕቃ) የለውም። ሰማያዊና ነጭ 3 ቮልት ያህል ይወስዳሉ፤ 9 ሲቀነስ 3፣ ለ0.02 አምፐር ሲካፈል 300 ኦም። በገበያ ያለውን 330 ተጠቀም። ለቀይ፣ 2 ቮልት ስለሚወስድ፣ 390።

ጥያቄ፦ ከፒኤልኤ (ለፕሪንት ከሚውሉ ፕላስቲኮች አንዱ) የታተመ የራስ ቁር መኪና ውስጥ ትቼው ተጣመመ።

መልስ፦ ፒኤልኤ 60 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ይለሰልሳል፤ ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ውስጥ ጠቆር ያለ ዕቃ ያን ያህል ሊሞቅ ይችላል። ፒኢቲጂ እስከ 80 አካባቢ፣ ኤቢኤስ እስከ 100 አካባቢ ይቋቋማሉ። የተጣመመውን በሙቅ ውኃ አለስልሰህ ቅርጹን መልስ፤ ቀለሙ ግን ይጎዳል።

ጥያቄ፦ የሰባት ዓመት ልጄ ለራሱ ፈለገ። እኔ የልብስ ስፌት እንጂ ይህን አላውቅም።

መልስ፦ ስፌት ካወቁ ፓተርን ማውጣት ለእርስዎ ቀላል ነው። 5 ሚሊሜትር ፎም ብቻ ይጠቀሙ፤ የኤቢኤስ ጠርዝ ለልጅ አንገትና ብብት ስለታም ነው። ልጁ ስለሚያድግ የጎን መዝጊያውን 5 ሴንቲሜትር በሚደራረብ ቬልክሮ ያድርጉት። የራስ ቁሩ ፊቱን ሙሉ በሙሉ አይሸፍን፣ ያለማንም እርዳታም ማውለቅ ይቻለው። ማጣበቁንና ማሞቁን እርስዎ ይሥሩ።

ጥያቄ፦ የፊልም ጥሩር ሠርቶ መሸጥ ይቻላል?

መልስ፦ ለራስ መሥራትና መሸጥ በሕግ አንድ አይደሉም፤ ሕጉም በየአገሩ ይለያያል። የእንግሊዝ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2011 የስታር ዋርስ ወታደር የራስ ቁር በቅጂ መብት ሕጉ «ቅርጻ ቅርጽ» አይደለም ብሎ ወስኗል፤ በዚያው ፍርድ ግን ሠሪው በአሜሪካ የቅጂ መብት ጥሰት እዚያው እንግሊዝ ሊከሰስ እንደሚችል አስቀምጧል። ለመሸጥ የሚያስብ የአገሩን የሕግ ባለሙያ ይጠይቅ፤ ወይም የራሱን ንድፍ ይሥራ።

ጥያቄ፦ ለብሼ ስወጣ ምን ልያዝ?

መልስ፦ ውኃ፣ ከተቻለ በቱቦ፤ ጥሩር ላብ እንዳይተን ስለሚያግድ ገላ ቶሎ ይሞቃል። ከ45 ደቂቃ በኋላ ቁሩን አውልቀህ ዕረፍ። የጎን እይታ ስለሌለህ አብሮህ የሚሄድ ሰው ይኑር። በትንሽ ቦርሳ ጠንካራ ፕላስተር፣ ትርፍ ላስቲክና ቁልፎች፣ የተሞላ ፓወር ባንክ፣ ጠመንጃ መፍቻ፣ ሱፐር ግሉ። ሱፐር ግሉን ለዚያ ቀን ብቻ ተጠቀምበት፤ ቤት ስትገባ ፈትገህ አንሳውና በሚለጠጠው ማጣበቂያ ተካው፣ ካልሆነ ስንጥቁ ከጎኑ ይቀጥላል።