ክረምት በገባ ቁጥር የሚመለሰው ሻጋታ

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ ባለው የብሎኬት ቤታችን ክረምት በመጣ ቁጥር የልጆቹ መኝታ ቤት ግድግዳ ከታች ቀለሙ እየተላጠ ነጭ ዱቄት ያወጣል፤ ከቁም ሣጥኑ ጀርባ ደግሞ ጥቁር ሻጋታ ይታያል። ሁለት ጊዜ ብናስቀባውም አልተወንም፤ ትንሹ ልጄም ሌሊት ያስለዋል። ከሰል አስገብተን ብናደርቀውስ?

መልስ፦ ከመጨረሻው ልነሣና፣ ከሰል ወደ መኝታ ቤት በፍጹም አያስገቡ። ከከሰል የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም ስለሌለው የተኛን ሰው ሳይነቃ ሊገድል ይችላል፤ ግድግዳውንም ቢሆን ከሥሩ አያደርቀውም።

እንደ ገለጹልኝ ከሆነ በአንድ ክፍል ውስጥ ሁለት የተለያዩ ችግሮች ሳይኖሩ አይቀሩም። ነጩ ዱቄት ጨው ነው፤ ከመሬት ወደ ብሎኬቱና ወደ ልስኑ የሚሳበው ውሃ ሲተን ጨዉን ገጹ ላይ ይተወዋል፣ ቀለሙንም ገፍቶ የሚልጠው ይኸው ነው። ከቁም ሣጥኑ ጀርባ ያለው ሻጋታ ግን እንጀራ ሲጋገር፣ ልብስ ቤት ውስጥ ሲሰጣና በር ተዘግቶ ሲታደር የሚፈጠረው እንፋሎት፣ አየር በማይደርስበት ቀዝቃዛ ግድግዳ ላይ ውሃ እየሆነ የሚያበቅለው ይመስለኛል። ለማረጋገጥ አንድ ቁራጭ ላስቲክ ዙሪያውን በፕላስተር አጥብቀው ግድግዳው ላይ ይለጥፉና ሁለት ቀን ያቆዩት፤ ጠብታው ከላስቲኩ ሥር ከተገኘ ውሃው የሚመጣው ከግድግዳው ነው፣ በክፍሉ በኩል ከታየ ደግሞ ከእንፋሎቱ።

ከመሬት ለሚመጣው መፍትሔው ከውጭ ይጀምራል። ግድግዳውን ተደግፎ የተከመረ አፈር ካለ ከቤቱ ወለል ቢያንስ 15 ሳንቲሜትር ዝቅ እንዲል ያስነሡት፤ የአሸንዳው ውሃ መሠረቱ ሥር እንዳይወርድ በቦይ ያርቁት፤ ሰፈርዎ ዋልካ አፈር ከሆነ ውሃ ይዞ ስለሚቆይ ቦዩ ይበልጥ ያስፈልጋል። ከዚያ የተበላሸው ልስን እርጥበቱ ከደረሰበት 30 ሳንቲሜትር ያህል ከፍ ብሎ ተፍቆ ይነሣ፣ ግድግዳውም ዝናቡ ካቆመ በኋላ እስከ ጥር ድረስ ተራቁቶ ይድረቅ። ውሃ አያሳልፍም የሚባለውን ቀለም ከውስጥ ለመቀባት አይቸኩሉ፤ እኔም በጀማሪነቴ እንዲህ አድርጌ፣ መውጫ ያጣው ውሃ በዓመቱ እስከ መስኮቱ ድረስ ወጥቶ አሳፍሮኛል።

ሻጋታውን በደረቅ ብሩሽ አይፈግፍጉት፣ ብናኙ ወደ ሳንባ ይገባል። ልጆቹን አስወጥተው፣ አፍና አፍንጫዎን ሸፍነው፣ መስኮት ከፍተው በሳሙናና በውሃ ይጠቡት። በረኪና ከተጠቀሙ ከአሲድም ሆነ ከሌላ ማጽጃ ጋር ፈጽሞ አይቀላቅሉት፣ መርዛማ ጋዝ ያወጣል። ቁም ሣጥኑን ከግድግዳው አንድ ስንዝር ያህል ያርቁት፤ ዝናቡ ጋብ ሲል ፊት ለፊት ያሉትን መስኮቶች ለጥቂት ደቂቃ ይክፈቱ።

ሻጋታ ሳልንና አስምን ስለሚያባብስ ልጁን ለሐኪም ያሳዩት፣ ሥራው እስኪያልቅም ሌላ ክፍል ይተኛ። በክረምት መሐል እለስናለሁ የሚል ባለሙያ ቢመጣ ግን ቀጠሮውን ወደ ጥር ያዛውሩት።