የሶላር ፓኔሉ በመኪናዬ ጣሪያ ላይ በምን ይታሰር?

ጥያቄ፦ ነዋሪነቴ በጎንደር ከተማ ሲሆን የምተዳደረው ጎብኚዎችን ወደ ሰሜን ተራሮች በማመላለስ ነው። የዶልፊን ሚኒባሴን የኋላ ወንበሮች አስነሥቼ ሁለት ሰው የሚያስተኛ አልጋ፣ አነስተኛ ማቀዝቀዣና መብራት አስገብቼላታለሁ። በቅርቡም እያንዳንዳቸው 100 ዋት የሆኑ ሁለት የሶላር ፓኔሎች ገዛሁ፤ ነገር ግን ጣሪያው ላይ እንዴት እንደሚታሰሩ ሦስት ባለሙያዎችን ጠይቄ ሦስት የተለያየ መልስ አገኘሁ። አንደኛው «አንጎላሬ ብረት ከጣሪያው ላሜራ ጋር እበይድልሃለሁ» አለኝ፤ ሁለተኛው እያንዳንዱ ፓኔል በአራት ብራኬት (ማያዣ) በብሎን እንዲታሰር መከረኝ፤ ሦስተኛው ደግሞ ጣሪያው ሳይበሳ በሙጫ ብቻ ይያዛል ይላል። የትኛውን ልመን? ፓኔሉንስ ወደ ፀሐይ ማዘንበል ያስፈልጋል ወይ?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ሥራው ከመጀመሩ በፊት መጠየቅዎ መልካም ነው፤ ጣሪያ አንዴ ከተበላሸ መመለሻው አስቸጋሪ ነውና።

ብየዳውን ፈጽሞ አይቀበሉት። የሚኒባስ ጣሪያ ላሜራ ውፍረቱ አንድ ሚሊሜትር እንኳ ስለማይሞላ የብየዳው እሳት የላይኛውን ቀለም ብቻ ሳይሆን ከሥር፣ በውስጠኛው ጨርቅ ተሸፍኖ እጅ የማይደርስበትን ቀለምም ያቃጥለዋል፤ ዝገቱ የሚጀምረውም ከዚያው ከማይታየው ገጽ ነው። በዚህ መንገድ የተሠራች አንዲት መኪና ክረምቱ እንዳለፈ ተመልክቻለሁ። በብየዳው ትይዩ ያለው የጣሪያ ጨርቅ ሻይ የፈሰሰበት የሚመስል ክብ ምልክት ነበረው፤ በጣቴ ጫን ሳደርገው ጨርቁ ተቀደደና የተጠራቀመው ውሃ ከዝገት ቅርፊት ጋር ፍራሹ ላይ ወረደ። ይህ በእርስዎ መኪና ላይ እንዲደርስ አልፈልግም።

የሙጫው ሐሳብ ግን ከንቱ አይደለም። የመኪና የፊት መስታወት የሚለጠፍበት የፖሊዩሬቴን ሙጫ በንጹሕ ገጽ ላይ በሚገባ ከዋለ እጅግ ጠንክሮ ይይዛል። ችግሩ ሙጫው የሚይዘው ብረቱን ሳይሆን ቀለሙን መሆኑ ነው፤ ዕድሜ ያላት ሚኒባስ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ደጋግማ የተቀባች ስለሆነች፣ ሙጫው ሳይላቀቅ ቀለሙ ራሱ ከነሙጫው ተገንጥሎ ሊነሣ ይችላል። ከደባርቅ በኋላ ባለው የጠጠር መንገድ ለሚመላለስ ሰው በሙጫ ብቻ መተማመን ተገቢ አይመስለኝም።

እንግዲህ የሚቀረው የሁለተኛው ባለሙያ ምክር ነው፤ እኔም የምስማማው በእርሱ ነው። ነገር ግን ዋናው ጥያቄ የብራኬቱ እግር የት ላይ ይረፍ የሚለው ነው። ዶልፊን በጣሪያዋ ግራና ቀኝ የዝናብ ውሃ የሚወርድበት ቦይ መሰል ጠርዝ አላት። ፖርቶመጋላ የሚታሰረው በዚሁ ጠርዝ ላይ ስለሆነ፣ ጠርዙን ቆንጥጠው የሚይዙ እግሮች ያሏቸው ሁለት ወይም ሦስት አግዳሚ ዘንጎች አሠርተው ብራኬቶቹን በእነርሱ ላይ ቢያስሩ ጣሪያው አንድም ቀዳዳ ሳይበሳ ሥራው ያልቃል። የምመክርዎ ይህንን ነው። ባለ 100 ዋት ፓኔል ክብደቱ ከ6 እስከ 8 ኪሎ ግራም ያህል በመሆኑ ሁለቱ ተደምረው ለጠርዙ ከባድ ሸክም አይሆኑም።

ከክብደቱ ይልቅ መፈራት ያለበት ነፋሱ ነው። የመኪናው ፍጥነት እጥፍ ሲሆን የነፋሱ ግፊት አራት እጥፍ ይሆናል፤ በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ሲነዱ በነፋስ ፊት በቀጥታ በቆመ አንድ ካሬ ሜትር ገጽ ላይ ከ20 ኪሎ ግራም በላይ ክብደት ያለው ነገር የተጫነ ያህል ግፊት ያርፋል። ጋደም ያለ ፓኔል ይህን ሁሉ አይቀበልም፤ የፊት ጠርዙ ከፍ ብሎ ከታሰረ ግን ነፋሱ ከሥሩ ገብቶ እንደ ክንፍ ያነሣዋል። ስለዚህ ፓኔሉ ከጣሪያው ጋር ትይዩ ሆኖ በመካከሉ ከ3 እስከ 5 ሴንቲ ሜትር ክፍተት ይተዉለት። ክፍተቱ አየር እንዲዘዋወርም ይጠቅማል፤ ሙቀቱ ከ25 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በላይ በጨመረ ቁጥር ፓኔሉ በየዲግሪው ከኃይሉ ከ0.3 እስከ 0.4 በመቶ ገደማ ይቀንሳልና።

ብራኬቱ ከፓኔሉ ጋር የሚገናኘው ፋብሪካው በፍሬሙ ሥር ባወጣቸው ቀዳዳዎች ብቻ ነው። አዲስ ቀዳዳ ለማውጣት ፍሬሙን መሰርሰር መስታወቱን ሊሰነጥቅ ይችላል። ብሎኑ የማይዝግ ብረት፣ ዳዶው ደግሞ በንዝረት እንዳይላላ በውስጡ የፕላስቲክ ቀለበት ያለው ይሁን። ዘንጎቹን ከቱቦላሬ ካሠሩ አሉሚኒየሙ ብራኬት ብረቱን በቀጥታ እንዳይነካ ከአሮጌ ከመነዳሪ የተቆረጠ ላስቲክ በመካከል ያስገቡ፤ ሁለቱ ተነካክተው ዝናብ ሲመታቸው አሉሚኒየሙ ነጭ ዱቄት እያወጣ ይበላል።

ምናልባት መብሳት ግድ ከሆነብዎ ላሜራው ከሥሩ የብረት አግዳሚ ያለበትን ቦታ ይምረጡ፤ ባዶ ላሜራ ላይ የገባ ብሎን በንዝረት ቀዳዳውን እያሰፋ ይሄዳል። ከመሰርሰሪያው ጫፍ አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ተትቶ ፕላስተር ይጠቅለልበት፤ ይህ ወደ ውስጥ ዘልቆ የመብራት ሽቦ እንዳይቆርጥ ይከላከላል። የቀዳዳው ከንፈር በጸረ ዝገት ቀለም ተቀብቶ ከደረቀ በኋላ የፖሊዩሬቴን ማሸጊያ ከእግሩ ሥርም ከብሎኑ ራስ ላይም ይደረግ። ሲቀባ እንደ ኮምጣጤ የሚሸት ሲሊኮን ግን አይጠቀሙ፤ አሲዱ ብረት ያዝጋል። ሥራው እንዳበቃም የብረቱን ብናኝ ከጣሪያው ላይ በብሩሽ ጠርገው ያንሡ፤ እዚያው ከቀረ በአንድ ዝናብ ቀልቶ ቀለሙን ያበላሸዋል።

ስለ ማዘንበሉ፣ በጎንደር አያስፈልግዎትም። ከተማችን ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 12.6 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለምትገኝ በሚያዝያና በነሐሴ አጋማሽ ፀሐይዋ በቀትር ከአናታችን በላይ ትሆናለች፤ በእነዚህ ወራት መካከል እንዲያውም ወደ ሰሜን ታዘነብላለች። ጋደም ያለ ፓኔል በብርቱ የሚጎዳው በታኅሣሥ ሲሆን፣ ያን ጊዜም በቀትር የሚያጣው ከቀጥታው ብርሃን አንድ አምስተኛውን ያህል ነው። ለዚህ ሲባል የሚታጠፍና የሚነሣ እግር ማሠራት ድካሙን አይመጥንም።

ከዘንበልታው ይልቅ ጥላው ያሳስበኛል። በፓኔሉ ውስጥ ያሉት ሴሎች በተከታታይ የተያያዙ በመሆናቸው አንድ ጄሪካን ጥግ ላይ ያጠላው ጥላ የፓኔሉን ግማሽ ያህል ሥራ ሊያስፈታ ይችላል። ስለዚህ በዚያው ጣሪያ ላይ የጎብኚዎችን ድንኳንና ሻንጣ መጫንዎን ይተዉ፤ መኪናዋም በከተማ ስትውል ከጃንተከል ዋርካ ጥላ ይልቅ ሜዳ ላይ ትቁም።

ሽቦው በጣሪያው ላይ ሲሄድ እንዳይንቀጠቀጥ በየ30 ሴንቲ ሜትሩ ገደማ ይታሰር፤ በኋላው በር ዙሪያ ባለው ጎማ በኩል ከማስገባትዎ በፊትም ውሃው ተንጠባጥቦ እንዲቀር ወደ ታች ቀለስ ያድርጉት። በባትሪው አጠገብ ፊውዝ አይቅር። ሲያገናኙ ፓኔሎቹን በብርድ ልብስ ሸፍነው መጀመሪያ ባትሪውን ከቻርጅ ኮንትሮለሩ (የባትሪውን አሞላል ከሚቆጣጠረው ዕቃ) ጋር፣ ቀጥሎ ፓኔሉን ያገናኙ። ባትሪዎ ሊቲየም ከሆነ ደግሞ ከዜሮ ዲግሪ በታች እያለ መሞላት የለበትም፤ በሰሜን ተራሮች ባለው የጨነቅ ካምፕ ውርጭ ሲያድር ጠዋት ባትሪው እስኪሞቅ ድረስ ፓኔሉን አላቅቀው ይቆዩ።

የመጀመሪያውን ጉዞ ሲያደርጉ 100 ኪሎ ሜትር ያህሉን የአስፋልት መንገድ ጨርሰው ደባርቅ ሲደርሱ፣ ወደ ጠጠሩ ከመግባትዎ በፊት ጣሪያው ላይ ወጥተው እያንዳንዱን ብሎን በቁልፍ ይሞክሩ። አዲስ የታሰረ ብሎን በመጀመሪያው መንገድ ትንሽ መላላቱ የተለመደ ነው። ያን ጊዜ በደንብ ካጠበቁት በኋላ በየብሎኑ ራስና በብራኬቱ ላይ በቀለም አንድ ቀጥ ያለ መስመር ያስምሩ፤ መስመሩ ተሰብሮ ካዩት ብሎኑ ዞሯል ማለት ስለሆነ ከዚያ በኋላ ቁልፍ ሳያወጡ በዓይንዎ ብቻ መቆጣጠር ይችላሉ።