እህቴ፣ እንፋሎት የሚተፋው ማሽን አየር አያጸዳም

ጥያቄሽን አየሁት። ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ አካባቢ፣ መንገድ ዳር ያለ ቤት። የ4 ዓመት ልጅሽን ሌሊት ሌሊት ያስለዋል፣ አቧራው አስቸግሮሻል፣ አንድ ሻጭ ደግሞ «የአየር ማጽጃ» ብሎ ውሃ የሚጨመርበት ማሽን በ4,000 ብር ሊሰጥሽ ነው። «ልግዛው ወይስ ይቅርብኝ?» ነው ያልሽው። ከታች የመለሱልሽን ሁሉ አነበብኩ። ግማሹ «ሀኪም ጠይቂ» ይላል፣ ግማሹ «ዳማከሴ ጨምቀሽ አጠጪው» ይላል። ሀኪም ዘንድ እንደወሰድሽው እገምታለሁ። በዳማከሴው አልገባም። እኔ የምነግርሽ ስለ ማሽኑ ነው፣ ምክንያቱም እሱኑ ገዝቼ ተቃጥያለሁ።

አትግዢው።

አሁን ምክንያቱን በቁጥር ላስቀምጥልሽ።

1ኛ፦ ውሃ ተጨምሮበት ጉም የሚመስል ነገር የሚተፋው ሂዩሚዲፋየር ነው የሚባለው። ሥራው ደረቅ አየርን ማርጠብ ነው፣ በቃ። አንዲት ብናኝ አይዝም። አየር የሚያጸዳው ኤር ፒዩሪፋየር ነው። እሱ ውሃ አይጠጣም። ውስጡ ማራገቢያና ፊልተር አለው፤ አየሩን ይስባል፣ ያጣራል፣ መልሶ ይለቃል። ሻጮቻችን ሁለቱንም «የአየር ማጽጃ» ይሏቸዋል። አንዳንዱ ሳያውቅ ነው። የእኔው ግን አውቆ ነው ባይ ነኝ፣ ምላሱ ጤፍ ይቆላ ነበር።

2ኛ፦ እኔ ማሽኑን የገዛሁት የዛሬ ሁለት ዓመት በሐምሌ ነው። ሐምሌ የሚለውን ልብ በይ። ጉሙ ከጦሳ ተራራ ወርዶ በር ላይ ቆሞ «ልግባ?» በሚልበት ወር፣ የታጠበ ልብስ ሦስት ቀን በማይደርቅበት ወር፣ እኔ 3,800 ብር ከፍዬ ቤቴ ውስጥ ተጨማሪ ጉም አስገባሁ።

ልጄ ያኔ 3 ዓመቷ ነበር። እንደ ልጅሽ ሌሊት ነበር የሚያስላት። ማሽኑ ሰማያዊ መብራት አለው፣ የሽቶ ጠብታም በምርቃት ሰጥተውኛል። ማታ መብራት አጥፍተን ሰማያዊው ጉም ሲወጣ ያምራል፣ አልዋሽሽም። ልጅቷ «ደመናዬ» ብላ ስም አወጣችለት። እኔም አባት ሆኜ አንድ ነገር ያደረግሁ መሰለኝ።

በሳምንቱ ባለቤቴ ብፌው ላይ ነጭ ዱቄት አየች። ከመንገድ የገባ አቧራ መስሏት ወለወለችው። በማግስቱም አለ። ቴሌቪዥኑ ላይ በጣት ቢጻፍበት ይጻፋል። በክረምት አቧራ ከየት ይመጣል? መንገዱ እኮ ጭቃ ነው! ለካ ማሽኑ ኖሯል። አልትራሶኒክ የሚባለው ዓይነት ውሃውን አፍልቶ አያተነውም፣ በንዝረት አድቅቆ ነው የሚረጨው። ስለዚህ ውሃው ውስጥ የሟሟው ማዕድን አብሮ ይረጫል። ማንቆርቆሪያሽን ክፈቺና ውስጡን እዪው። ያ የተጋገረው ነጭ ነገር ነው አየር ላይ ተበትኖ ልጄ ስትተነፍሰው የከረመችው። ውሃውን አፍልቼ አቀዝቅዤም ሞከርኩ፣ ዱቄቱ አልቀረም። ማፍላት ጀርም ይገድላል እንጂ ማዕድኑን ጠቅልሎ አያወጣም። ማሽኑ የሚፈልገው ዲስትልድ ውሃ ነው፣ ተንኖ እንፋሎቱ እንደገና ውሃ የሆነ፣ ማዕድኑ የቀረለት ማለት ነው። በየማታው ሁለት ሊትር ዲስትልድ ውሃ ደሴ ላይ ከየት ነው የማመጣው? ቧንቧውስ ቢሆን በሳምንት ስንት ቀን ነው የሚመጣው?

ይሄ ገና ነጩ ነው። ጥቁሩ ከቁምሳጥኑ ጀርባ መጣ።

ቤታችን የጭቃ ቤት ነው፣ በኖራ የተቀባ። ነሐሴ መጨረሻ ላይ ቁምሳጥኑን ስናንቀሳቅስ ግድግዳው ከታች እስከ ወገቤ ድረስ ጥቁር ነጠብጣብ ለብሷል። ሻጋታ። የልጅቷ ፍራሽ በግድግዳው በኩል ያለው ጠርዝ ሲነኩት ይቀዘቅዛል፣ ሲያሸቱት የከረመ ዳቦ ነው። ሳሉም ባሰ። ሆስፒታል ስንወስዳት ሀኪሟ ገና ሳንቀመጥ የጠየቀችን «ቤታችሁ ይረጥባል?» ብላ ነው። እኔና ባለቤቴ ተያየን። አስም ነው ተባለች። ስለ ማሽኑ ስነግራት ሀኪሟ ዝም ብላ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። ያቺን ዝምታ እስካሁን አልረሳትም።

ከዚያ በኋላ ነው ነቅቼ የእርጥበት መለኪያ የገዛሁት። መዳፍ የማትሞላ ነገር ናት፣ 600 ብር። ማሽኑን አጥፍቼ ሁለት ቀን ቆይቼ ለካሁ። 76 ከመቶ! ማሽኑ ጠፍቶ! ቤት ውስጥ ከ30 እስከ 50 ቢሆን ጥሩ ነው ይባላል፣ ከ60 ካለፈ ለሻጋታ ሠርግና ምላሽ ነው። 600ዋን አስቀድሜ አውጥቼ ቢሆን ኖሮ 3,800ው ኪሴ ውስጥ ነበር፣ ግድግዳውንም እንደገና አልቀባም ነበር። ስለዚህ አንቺ መጀመሪያ ለኪ። ከሻጩ ጋር ሌላ ወሬ አያስፈልግሽም።

ለሂዩሚዲፋየሩ ፍርድ እንዳላጓድል፣ ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ አየሩ ደርቆ ከንፈር ሲሰነጠቅ፣ አፍንጫ ሲደማ፣ መለኪያውም ከ30 በታች ሲያሳይ ይጠቅማል። ያኔም ውሃው በየቀኑ ይደፋል፣ የማሽኑ ውሃ መያዣ በየሦስት ቀኑ ይታጠባል። የቆመ ውሃ ውስጥ የሚያድገውን ነገር ነው አለበለዚያ የሚረጭብሽ።

3ኛ፦ ይሄ እንኳን አንደኛ መሆን ነበረበት፣ ቁጥሩን አልቀይርም በቃ። ምድጃው። ቤት ውስጥ ከሰል ታቀጣጥሉ እንደሆነ አልጻፍሽም፣ ግን ወሎ ነሽ፣ ታቀጣጥላላችሁ። እኛ ቤት በቀን ሁለቴ ቡና አለ። እናቴ አብራን ናት። አቦል፣ ቶና፣ በረካ ሳይሞላ አትነሳም፣ በመሃሉ ዱዓ አለ፣ ዕጣኑ ይንቦለቦላል። አርብ ዕለትማ ጎረቤቱ ይሰበሰብና በጭሱ መሃል ሰው በድምፅ ነው የሚተዋወቀው። ይሄን ሁሉ አጠገቤ አስቀምጬ ነው እኔ ከመንገድ የሚገባ አቧራ ስወነጅል የከረምኩት።

«ቡናው በረንዳ ላይ ይፈላ» አልኩ። እናቴ ሦስት ቀን አኮረፈችኝ። «እናንተን በዕጣን ነው ያሳደግኳችሁ፣ ምን ሆናችሁ? አሁን በመብራት የሚሠራ አየር መጣላችሁ?» አለች። መልስ አልነበረኝም። በአራተኛው ሌሊት ልጅቷን ሲያስላት አቅፋት ያደረችው እሷው ናት። ሲነጋ ረከቦቱን ራሷ ተሸክማ ወጣች። አንድ ቃል አልተናገረችም። ይሄው እስከ ዛሬ ከሰሉም ዕጣኑም ከደፉ ውጭ ነው። ዱዓው ግን እንዳለ ነው፣ አልሐምዱሊላህ።

አንድ ነገር ግን አደራ። ሰው የሚሞኘው «ከሰሉ ፍም ሆኗል፣ ጭስ የለውም» ብሎ ለሙቀት መኝታ ቤት ሲያስገባው ነው። ደሴ ብርድ ስለሆነ ብዙ ቤት ያደርገዋል። ጭስ የሌለው ፍም ካርቦን ሞኖክሳይድ ያወጣል። አይታይም፣ አይሸትም። ራስ ያዞራል፣ ያስመልሳል፣ የተኛን ሰው ሳይነቃ ይወስደዋል። ኤር ፒዩሪፋየርሽ 100,000 ብር ቢያወጣ እንኳ ይሄን ጋዝ አይነካውም። ሄፓ የሚባለው ዋናው ነጩ ፊልተር የሚይዘው ብናኝ ነው። ጥቁሩ የካርቦን ፊልተር ሽታ ይቀንሳል፣ ካርቦን ሞኖክሳይድን ግን አይዝም። «ማሽን አለን» ተብሎ ፍም አይገባም፣ ወላሂ በዚህ ላይ ቀልድ የለኝም።

አሁን 4ኛ ነው መሰለኝ፣ ትክክለኛው ማሽን። ታናሽ እህቴ ሪያድ ነው የምትሠራው። የደመናዬን ታሪክ ስትሰማ መጀመሪያ ሳቀችብኝ፣ ከዚያ ኤር ፒዩሪፋየር ገዝታ በካርጎ ላከችልኝ። ዕቃው አዲስ አበባ ደረሰና አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ ተያዘ። ስሙን አልጠራም። 400 ኪሎ ሜትር ተጉዤ ሄድኩ። መስኮቱ ጋ ያለው ሰውዬ ቀና እንኳ ሳይል፦

«ዕቃው ምንድነው?»
«አየር ማጣሪያ።»
«የመኪና?»
«የቤት።»
«ኤሲ ነው?»
«አያቀዘቅዝም።»
«ታዲያ አየሩን ምን ያደርገዋል?»

ከጎኑ ያለው «ወሎ ላይ አየር ጠፋ እንዴ?» ብሎ ሳቀ። የልጄን የሀኪም ወረቀት ባወጣ «እሱን ለሀኪም አሳይ» ተባልኩ። ነገ ና፣ ኃላፊው ስብሰባ ላይ ነው፣ ሲስተም የለም። ሁለት ጊዜ ተመላልሼ፣ በድምሩ አምስት ሌሊት አልጋ ተከራይቼ ነው ያወጣሁት። ደረሰኝ ስላልነበረው በግምት ተመኑት፣ ግምታቸው ደግሞ እህቴ ከከፈለችው በላይ ነበር። አንቺም ከዓረብ አገር የሚልክልሽ ሰው ካለ፣ የዕቃው ስምና ዋጋ የተጻፈበት ደረሰኝ ሳይዝ እንዳይልከው። የሳዑዲው ሶኬትም ሦስት ጠፍጣፋ ጥርስ ነው፣ አዳፕተር ያዢ። ከአሜሪካ የሚመጣ ከሆነ ደግሞ ቮልቴጁን እዪ፣ 110 የሚል ከሆነ እኛ ቤት 220 ላይ ከሰካሽው አለቀለት።

ቤት አምጥቼ በክብር ሰካሁት። ጎረቤት ሁሉ መጥቶ አየው። ሦስት ሳምንት ሙሉ ያለ ዕረፍት ሠራ። አንድ ቀን ፊልተሩን ልይ ብዬ ስከፍተው ከነላስቲኩ ነው! ፋብሪካው ያሸገበትን ላስቲክ አላወጣሁትም። ሦስት ሳምንት ላስቲክ ሲልስ ነው የከረመው። ይሄን ለእህቴ እስከ ዛሬ አልነገርኳትም፣ እዚህ ግሩፕ ውስጥ ካለች ይቅር በይኝ።

ላስቲኩ ከወጣ በኋላ ነው ሥራው የታየው። በአምስተኛው ወር ነጩ ፊልተር የድስት ቂጥ መስሎ ነበር። ሄፓ ፊልተር እንዲህ ሲሆን ይቀየራል እንጂ አይታጠብም፣ ቃጫው ይበላሻል። የሚጠረገው ወይም የሚታጠበው ከፊት ያለው ወንፊት መሳዩ ብቻ ነው። ስለዚህ ማሽን ከመግዛትሽ በፊት መለዋወጫ ፊልተሩ የት እንደሚገኝና ስንት እንደሆነ ጠይቂ። የእኔ አንዱ 4,500 ብር ነበር፣ ያውም ከአዲስ አበባ አስመጥቼ።

ሳጥኑ ላይ ሁለት ነገር ፈልጊ። አንደኛ፣ እውነተኛ ሄፓ መሆኑን። ሄፓ የሚባለው 0.3 ማይክሮን (ማይክሮን የሚሊ ሜትር አንድ ሺህኛ ነው) የሚያክለውን ብናኝ 99.97 ከመቶ የሚይዘው ነው። «ሄፓ ዓይነት» ወይም «ሄፓ መሰል» የሚል ከሆነ እንደ ስሙ መሰል ነው። ሁለተኛ፣ ሲኤዲአር (CADR) የሚል ቁጥር አለው፣ በሰዓት ስንት ሜትር ኩብ አየር አጣርቶ እንደሚሰጥ የሚናገር። የእኛ መኝታ ቤት 4 ሜትር በ3.5 ነው፣ ከፍታው 2.6፤ ስታባዢው 36 ሜትር ኩብ ገደማ ይመጣል። በሰዓት አምስት ጊዜ እንዲያጣራው በ5 ታባዢዋለሽ፣ 180። ቁጥሩ 50 የሆነ ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ መጫወቻ ቢሸጥልሽ ለጫማ ሣጥን ነው የሚሆነው። አዮናይዘር የሚል ቁልፍ ካለው ደግሞ አጥፊው። አንዳንዱ ኦዞን የሚባል ጋዝ ያወጣል፣ ኦዞን የአስም ልጅን ሳንባ ይቆጣዋል።

መብራት ይበላል ወይ ብለሽ ነበር። ከእንጀራ ምጣዱ ጋር ስታወዳድሪው ምንም ነው። የሚያሳስበው ሄድ መጣ የሚለው መብራት ነው፣ ስታቢላይዘር አድርጊለት። በሩንና መስኮቱን ዘግተሽ አብሪው፣ መንገዱ ጸጥ ባለ ሰዓት ግን ቤቱን ወለል አድርገሽ ከፍተሽ አናፍሺው። ስትጠርጊም በደረቅ መጥረጊያ አታቡኚው፣ በእርጥብ ጨርቅ ይሁን።

የልጄ ሳል ጠፋ አልልሽም። ቀንሷል። በወር አንድ ሌሊት ቢያስላት ነው፣ የሚነፋው የአስም መድኃኒት፣ ፓፏም አለ። ማሽኑ ነው ወይስ ምድጃው መውጣቱ ብትዪኝ፣ ምድጃው ነው እላለሁ፣ እህቴ እንዳትሰማ እንጂ። ብር ከሌለሽ ማሽኑን እርሺው፣ ምድጃውን አውጪ፣ ፍራሹን ከግድግዳው አርቂ፣ መለኪያዋን ግዢ። አብሽሪ፣ ይሄ ሁሉ እኔ በገዛሁበት ዋጋ ከ1,000 ብር በታች ነበር።

ብር ካለሽ ደግሞ የምትገዢውን ማሽን ጀርባውን ፎቶ አንስተሽ እዚህ ለጥፊ፣ ማታ ከሥራ ስገባ አየዋለሁ። እስከዚያ ለማንም ብር እንዳትልኪ።

ደመናዬ አሁንም ቁምሳጥኑ ላይ ነው። ልሸጠው ነበር፣ ልጅቷ እንቢ አለች። ውሃ የለበትም፣ ሰማያዊ መብራቱን ብቻ ነው የምናበራላት።