ኩሬ ብቻውን ፍሳሽ ያጣራል ወይ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ፣ ከኮምቦልቻ ነኝ። ትናንሽ ከተሞች ፍሳሽ እናጣራለን ብለው ኩሬ ይቆፍራሉ፣ ማሽን የለው ኬሚካል የለው፣ ይሄ ማጣራት ይባላል እንዴ? እኛ ቦርከና ወንዝ ዳር ሰላጣና ጎመን ነው የምናለማው፣ እንዲህ ያለ ውሃ ለሰላጣ ይሆናል?

መልስ፦ እህታችን፣ ይባላል እንጂ! በደንብ ከተሰራ ማለቴ ነው። የመጀመሪያው ኩሬ ጠለቅ ይላል፣ ከ2 እስከ 5 ሜትር፣ አየር የለውም፣ ዝቃጩ እታች ተኝቶ ባክቴሪያ ይበላዋል፣ ሽታውም ባብዛኛው ከዚህ ነው። ቀጥሎ ያለው 1 ሜትር ተኩል ገደማ ነው፣ አረንጓዴ ሆኖ ስታዪው ተበላሸ እንዳትዪ፣ አልጌ የሚባለው ውሃ ላይ የሚበቅል ጥቃቅን አረንጓዴ ነገር ነው፣ ፀሐይ እየሞቀ ኦክስጅን ይሰጣል ባክቴሪያውም በዛ ይሰራል። የመጨረሻው ስስ ስለሆነ ፀሐዩ ጀርሙን ይቀንሰዋል፣ የወስፋት እንቁላል ደሞ ውሃው ቀናት ሲቆይ ይዘቅጣል። ዝቃጩ በየጊዜው ካልተጠረገ ግን ኩሬው ይሞላና ውሃው ሳይቆይ ያልፋል፣ ብዙ ቦታ ጉዱ እዚህ ላይ ነው።

ሰላጣው ላይ፣ የዓለም ጤና ድርጅት በ1989 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ጥሬ ለሚበላ አትክልት በ1 ሊትር ውሃ በአማካይ ከ1 በላይ የትላትል እንቁላል መኖር የለበትም፣ ይሄ በዓይን አይታይም፣ ላብራቶሪ ይፈልጋል። ደሞ ቦርከና የደሴን ቆሻሻ ይዞ ነው የሚመጣው፣ ኮምቦልቻ ላይ የፋብሪካው ይጨመርበታል፣ ከቆዳ ፋብሪካ የሚወጣው ክሮሚየም የሚባል ብረት ደግሞ ኩሬ የሚችለው ነገር አይደለም፣ ፋብሪካው ግቢው ውስጥ ማጣራት አለበት። ጎመኑ ይብሰል፣ ማብሰል ግን ጀርም ይገላል እንጂ ክሮሚየም አያወጣም፣ ስለዚህ ከቻልሽ የምትቀጂበትን ከፋብሪካ መውረጃ በላይ አድርጊው።