በኢነርጂ ትስስር ሕግ መሥራት ለምትፈልግ የሕግ ተመራቂ የተሰጠ መልስ

ውድ ጠያቂያችን፣

ዘንድሮ በሕግ የመጀመሪያ ዲግሪዎን እንደሚያጠናቅቁና ኢትዮጵያን ከጎረቤትና ከወዳጅ አገሮች ጋር በኢኮኖሚና በኢነርጂ የሚያስተሳስሩ ሕጎች ላይ መሥራት እንደሚፈልጉ ገልጸው፣ ለዚህ ሲባል ወዲያውኑ በዓለም አቀፍ ሕግ ሁለተኛ ዲግሪ መጀመር ይሻል እንደሆነ ጠይቀውናል። በእኔ እምነት ሁለተኛ ዲግሪው ለጊዜው ቢቆይ ይሻላል፤ የሚመኙት ሥራ በአብዛኛው የሚሠራው ሕጉ በሚጸድቅበት አዳራሽ ሳይሆን ውሉ በሚረቀቅበት ክፍል ነውና።

በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 55(12) መሠረት አስፈጻሚው አካል የሚዋዋላቸውን ዓለም አቀፍ ስምምነቶች የሚያጸድቀው የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ሲሆን፣ የጸደቀ ስምምነት በአንቀጽ 9(4) የአገሪቱ ሕግ አካል ይሆናል፤ ሥነ ሥርዓቱም በአዋጅ ቁጥር 1024/2009 ተዘርዝሯል። ይህን ማወቅ ግዴታ ነው። ይሁን እንጂ ከነጋሪት ጋዜጣ አንድ የብድር ስምምነት ማጽደቂያ አዋጅ አውጥተው ቢያነቡ፣ አጭር ርዕስ፣ የስምምነቱ መጽደቅ፣ የገንዘብ ሚኒስቴር ሥልጣንና አዋጁ የሚጸናበት ጊዜ ከሚሉ ጥቂት አንቀጾች ብዙም የዘለለ ነገር አያገኙም።

ዝርዝሩ ያለው ውሉ ውስጥ ነው፤ ለምሳሌ ለኬንያ ኃይል የሚሸጥበትን የኤሌክትሪክ መስመር እንመልከት። ከወላይታ ሶዶ ተነሥቶ ኬንያ ውስጥ ሱስዋ የሚደርሰው፣ 1,045 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝመው ባለ 500 ኪሎ ቮልት መስመር እስከ 2,000 ሜጋ ዋት ማስተላለፍ ይችላል። በኅዳር 2015 ዓ.ም. የተጀመረው ሽያጭ ግን በ25 ዓመት ውል ለመጀመሪያዎቹ ሦስት ዓመታት 200፣ ከዚያ በኋላ 400 ሜጋ ዋት እንዲሆን የታሰበ ነው። ውሉ የተፈረመው በኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይልና በኬንያ ፓወር መካከል ነው፤ ተዋዋዮቹ ሻጭና ገዢ ድርጅቶች እንጂ መንግሥታቱ አይደሉም። በእንዲህ ያለ ውል ላይ የሚቀመጥ የሕግ ባለሙያ ገዢው የተዋዋለውን ኃይል ባይወስድ ይከፍላል ወይ፣ የሁለቱ ወገኖች ቆጣሪ ቢለያይ የማን ንባብ ይጸናል፣ ድርቅ ግድቡን ቢያጎድለው ከአቅም በላይ የሆነ ምክንያት ይባላል ወይ፣ ክፍያው በምን ዓይነት ገንዘብ ይፈጸማል፣ ክርክር ቢነሣ የግልግል ዳኝነቱ የት ይቀመጣል የሚሉትን ጥያቄዎች አንድ በአንድ መመለስ አለበት። (ሜጋ ዋትን ከኪሎ ዋት ሰዓት፣ ማለትም አቅምን ከተሸጠው ኃይል መጠን የማይለይ የሕግ ባለሙያ በዚህ ድርድር ላይ የሚሰማው አያገኝም፤ የኤሌክትሪክ መሐንዲስ የሆነ ጓደኛ ካለዎት ሁለት ከሰዓት በኋላ ይበቃዎታል።)

ስለዚህ መጀመሪያ ማመልከት ያለብዎት በኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል የሕግ ክፍል፣ ወይም በኢነርጂ አዋጅ ቁጥር 810/2006 የተመለከተውን የፈቃድ ሥራ በሚያከናውነው በነዳጅና ኢነርጂ ባለሥልጣን ነው። «0 ዓመት» የሚል ማስታወቂያ በእነዚህ ቦታዎች ካላገኙ፣ አዋጅ ቁጥር 1249/2013 የጥብቅና ድርጅት ማቋቋምን ከፈቀደ ወዲህ የፕሮጀክት ፋይናንስ ሥራ በሚይዙ ድርጅቶች ረዳት ሆኖ መጀመርም ጥሩ መንገድ ነው፤ እንዲያውም የውል ማርቀቅ ልምዱ እዚያ ሊፈጥን ይችላል። ዋና መሥሪያ ቤቱ አዲስ አበባ የሆነው፣ የአገሮችን የኤሌክትሪክ መረቦች ለማስተሳሰር የተቋቋመው የምሥራቅ አፍሪካ የኃይል ቋት ያጓጓል፤ ነገር ግን እንዲህ ያሉ ቀጣናዊ ተቋማት የሚፈልጉት የሠራ ሰው ስለሆነ ለኋላ ይተዉት። ከጅቡቲ ጋር ያለው የኃይል ንግድ የሚስብዎት ከሆነ ፈረንሳይኛ ከአሁኑ ይጀምሩ።

ሁለት ወይም ሦስት ዓመት ከሠሩ በኋላ ሁለተኛ ዲግሪውን በኢነርጂ ሕግ ወይም በዓለም አቀፍ የንግድ ውሎች ይያዙት። እስከዚያ ግን የመመረቂያ ጽሑፍዎን ርዕስ ገና ካላስጸደቁ፣ ድንበር ተሻጋሪ የኤሌክትሪክ ሽያጭ ውል በኢትዮጵያ ሕግ ያለውን ቦታ ቢመርጡና ፍሬ ሐሳቡን በሁለት ገጽ አሳጥረው ከማመልከቻዎ ጋር ቢያያይዙት፣ ከትምህርት ውጤትዎ ጎን ለቀጣሪው የሚያሳዩት ሥራ ይኖርዎታል።